እማዬ ለእትዬ ማሚቴ የመረጠችው መጽሐፍ

የታጠበ የበግ ጠጉር ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ ሲጀምር የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ለማያውቀው ሰው ይከረፋል፣ ለእኔ ግን የመጽሐፍ ሽታ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ እናቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ ከባጃጅ ወርጄ በሰፈሩ መሀል ሳልፍ፣ አንድ አጥር ላይ ከተሰጣ ጠጉር ያ ሽታ ድንገት መጣና እግሬን ያዘኝ። እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጠርዝ ሰፊ ነበረች፤ የምታነበውን መጽሐፍ ከምሳ ዕቃዋ ጋር በአንድ ዘንቢል ይዛ እየሄደች፣ በዕረፍት ሰዓቷ የጠጉር ክምር ላይ ተቀምጣ ታነብ ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ያለ መጽሐፍ ሁሉ ሲገልጡት ይህንኑ ሽታ ያወጣ ነበር።

እማዬ የቄስ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው አንኮበር አካባቢ፣ አባቷ ያገለግሉበት በነበረው ደብር ሥር ሲሆን፣ ፊደል የቆጠረችውም ዳዊት የደገመችውም ከእሳቸው ዘንድ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም። አባዬን አግብታ ደብረ ብርሃን ስትገባ፣ መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘች፤ ያነበበችውን እየመለሰች ሌላ ትወስድ ጀመር፤ ልብ ወለድ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀችውም ያኔ ነው። «ያልሆነውን ነገር እንደሆነ አድርጎ ጽፎት፣ እኔ ደግሞ አምኜው ሳለቅስ ዋልኩ» እያለች በራሷ ትስቅ ነበር።

አባዬ ግንበኛ ነበር። ማታ ሲሚንቶ የነካው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ፣ እማዬ በአንድ እጇ ወጥ እያማሰለች በሌላው መጽሐፍ ይዛ ያገኛታል፤ ስለዚህም የእኛ ቤት ሽሮ ብዙ ጊዜ ያርር ነበር። አባዬ አንድ ጉርሻ ጎርሶ፣ አላምጦ ይውጥና «ይሄኛው ጥሩ መጽሐፍ ነው ማለት ነው» ይላል። እሱ ራሱ ከጋዜጣ በቀር ሲያነብ አይቼው አላውቅም፤ የመጽሐፍን ጥሩነት የሚለካው በሽሮው ነበር።

በየወሩ በሚካኤል ቀን የሰፈራችን ሴቶች የጽዋ ማኅበር ነበራቸው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ከተላለፈ በኋላ፣ አንዷ «ደብሬ፣ የዚህ ወርስ?» ትላለች፤ የእማዬ ስም ደብሪቱ ነው። እማዬም ያመጣችውን መጽሐፍ ከጋቢዋ ሥር ታወጣና ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። አታወድሰውም ነበር፤ ስለ ታሪኩም ብዙ አትናገርም፤ የምትናገረው ለማን እንደሚሆን ብቻ ነው። «ይሄ ከባሏ ጋር ለተኮራረፈች ነው» ትላለች፤ ሌላ ወር ደግሞ «ይሄ አማት ላስመረረቻት» ትልና ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። የማይሆናት ሴት እጇን ከዘረጋች፣ «አንቺ ዘንድሮ ሌላ ሐዘን አያስፈልግሽም፣ የሚያስቅ እስካገኝልሽ ታገሺኝ» ብላ ትከለክላታለች። መጽሐፉ ወሩን ሙሉ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ማንበብ የማይችሉት ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል፤ ልጅ የሌለበት ቤት እኔ እላክ ነበር። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ድምፅሽ እንደ ሬዲዮ ነው ስለሚሉኝ እኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የጎረቤታችን የእትዬ ማሚቴ ልጅ ሽመልስ ሞተ። ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር፣ ጥጥ እየፈተለች የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ሽመልስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መኪናው ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ በጭጋግ ተገለበጠ። ለቅሶው አልፎ፣ አርባው ወጥቶ፣ ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሣሩን ማቃጠል ሲጀምር፣ እትዬ ማሚቴ አሁንም ከቤቷ የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያንና ለማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበር ስትመጣም በሩ አጠገብ ተቀምጣ ዝም ትላለች፣ ሴቶቹም እሷን ሲያዩ ስለ ልጆቻቸው የጀመሩትን ወሬ ያቋርጣሉ፤ መኪና የሚባል ቃል እንኳ በፊቷ አይነሳም ነበር።

በታኅሣሥ ሚካኤል እማዬ መጽሐፉን ካወጣች በኋላ ለማንም አላሳየችም፤ ተነሥታ ሄዳ «ይሄ የማሚቴ ነው፣ ልጄ መጥታ ታነብልሻለች» አለቻት። መጽሐፉ ንብ ስለምታረባ፣ ምላሷን መንደሩ ሁሉ ስለሚፈራው፣ አንድ ወንድ ልጅ ስላላት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። ቤት ስንገባ እማዬ ከመካከሉ አለፍ ብሎ ካለ አንድ ገጽ ላይ ቀይ የሱፍ ክር አስገባችና፣ እዚህ ስደርስ አለቀ ብዬ እንድዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል እንኳ እንዳላነብ አስጠነቀቀችኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ለእሷ የሚሆነው እስከዚህ ያለው ነው» አለችኝ።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ማሚቴ ቤት እሄድ ነበር። እሷ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች፣ እኔ በሩ አጠገብ ብርሃን ባለበት ተቀምጬ አነባለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የምትሰማኝም አትመስልም ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ንቦቿን እንደ ምራቶች እየሰደበች የምታባርርበት ቦታ ላይ ስደርስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በሳምንቱ፣ ሴትዮዋ ቀረጥ ሊሰበስብ የመጣውን ሹም ቀፎ ላይ ያስቀመጠችው ጊዜ፣ እትዬ ማሚቴ እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ ከዚያ ቤት ሳቅ ስላልተሰማ የወዲያኛዋ ጎረቤት ደንግጣ መጥታ በበሩ ብቅ ብላ አየችን። ይህን ለእማዬ ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የዚያን ቀን ሽሮው አረረ።

ከገና በኋላ አንድ ቀን ክሩ ያለበት ገጽ ላይ ደረስኩ። «አለቀ» ብዬ ዘጋሁት። እትዬ ማሚቴ ፊደል አታውቅም፣ ግን መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ያልተነበበውን ክፍል በሁለት ጣቶቿ ይዛ መዘነችው።

«ይሄን ያህል ቀርቶት እንዴት አለቀ?» አለችኝ። «ከባድ ሆኖብሽ ነው? ማንበብ አቃተሽ?»

ሌላ ነገር ብትለኝ ኖሮ ዝም እል ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ማንበብ አቃታት መባሉ ግን አንገበገበኝና፣ ክሩን መዝዤ ኪሴ ከትቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። ልጁ ማር ጭኖ ገበያ ሲሄድ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ በቅሎዋ ተሻገረች፣ እሱ አልተሻገረም። እየመጣ ያለውን እኔም አላወቅሁትም ነበር፤ ባወቅሁት ጊዜ ደግሞ መሀል ዓረፍተ ነገር ላይ ነበርኩና መቆም አልቻልኩም፤ በዚያ በሬዲዮ ድምፄ እስከ ቀብሩ አነበብኩት። ቀና ስል እንዝርቱ ቆሟል። እትዬ ማሚቴ ግድግዳውን እያየች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «በቃሽ ልጄ። ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች» አለችኝ። መጽሐፉን እዚያው ትቼ ወጣሁ፤ በሩን ከኋላዬ ስትዘጋው ሰማሁ፤ ቀን ቀን በሯን ዘግታ አታውቅም ነበር።

በጥር ሚካኤል እትዬ ማሚቴ ማኅበር ቀረች፤ በየካቲትም ቀረች። ሴቶቹ ሐዘንተኛ ቤት የሐዘን መጽሐፍ ይላካል ወይ እያሉ መንሾካሾካቸው እማዬ ጆሮ ደረሰ። እማዬ አስቀምጣኝ፣ ክሩ ጋ ማቆሜን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዓይኔን ትንሽ አየችና አመነችኝ፤ እንዳመነችኝ ማየቱ ከቁጣ የከፋ ነበር። በሚቀጥለው ማኅበር «የዚህ ወርስ?» ስትባል፣ ለሰው የሚሆነውን አውቃለሁ ብዬ ተሳስቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልመርጥም ብላ መለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንቢሏ ውስጥ ከምሳ ዕቃ በቀር ሌላ ነገር አልነበረም፤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳሉት ሽማግሌም መሄድ ተወች። ሽሮው ማረሩን አቆመ። አባዬ ይጎርስና ያላምጥና ዝም ይላል፤ አንድ ማታ «ጣፍጧል» አለ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የበልግ ዝናብ በገባ ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ከእማዬ ጋር ግቢ የተሰጣውን ብርድ ልብስ ከዝናቡ እየተሻማን ወደ ቤት ስናስገባ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ልብሱን እንደተሸከምኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ክሩን ከጥር ጀምሮ የደብተሬ ሽፋን ውስጥ ደብቄው ነበር፤ አውጥቼ ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት። እመታለሁ ብዬ ነበር። እማዬ ክሩን ጣቷ ላይ ጠምጥማ፣ ፈትታ፣ ደግሞ ጠምጥማ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ «ግማሽ መጽሐፍ ለሰው አይሰጥም ነበር» አለች፣ «አንቺ ዋሽተሻል፣ እኔ ደግሞ ዋሺ ብዬ ልኬሻለሁ።» ነጠላዋን ደርባ እጄን ያዘችና በዝናቡ ውስጥ ይዛኝ ሄደች።

እትዬ ማሚቴ በሩን ስትከፍት ወድቄ ጉልበቷን ሳምኩ፤ ይቅር በይኝ ያልኩት ራሴም ሳልሰማው ነው። እሷ አነሣችኝ፣ ሁለታችንንም እሳቱ አጠገብ አስቀመጠችን፣ ከዚያም ለእማዬ ስትናገር ድምፅዋ እንደተቆጣ ሰው ሳይሆን እንደደከመው ሰው ነበር።

«ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ስሙን በፊቴ የጠራ የለም፣ ደብሬ። እኔ ስገባ ዝም ትላላችሁ፤ ያልተወለደ አስመሰላችሁት። ይህች ልጅ ግን እዚህ ተቀምጣ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚሞትና እናቱ እንዴት እንደምትሆን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ያስወጣኋት ላለቅስ ፈልጌ ነው፤ በልጅ ፊት እንዳላለቅስ ብዬ።»

«ታዲያ ማኅበሩን ለምን ቀረሽ?» አለቻት እማዬ።

«መጨረሻውን ሳልሰማው መጥቼ፣ እንዴት ነበር ብትይኝ ምን እመልስልሻለሁ? ልጅቷ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ።» ከዚያ መጽሐፉን ከአልጋዋ ራስጌ አንሥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ያቺ ሴትዮ ከዚያ በኋላ እንዴት ኖረች?»

የቀረውን በሦስት ቀን ጨረስነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይሰማም ነበርና አንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። እማዬ ከፋብሪካ ስትወጣ እየመጣች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር፤ የወንዙን ምዕራፍ ከመጀመሪያ አንብቢልኝ ያለችኝ ራሷ እትዬ ማሚቴ ናት፣ ሁለቱም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ግን አላቆምኩም። በመጨረሻው ገጽ ሴትዮዋ አንድ ጠዋት ተነሥታ የንቦቿን ቀፎ ከፈተች። እትዬ ማሚቴ ጥቂት አሰበችና፣ ይሄ ቦታ ላይ ጸሐፊው ዋሽቷል፣ ሰው በዓመቱ እንዲህ ቶሎ አይነሣም አለች። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስታነብ እንዲህ ብላ ከመጽሐፍ ጋር ተሟግታ አታውቅም ነበርና አፏን ይዛ አየቻት።

በግንቦት ሚካኤል እትዬ ማሚቴ መጣች፤ የተቀመጠችውም በሩ አጠገብ አልነበረም። ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው በተላለፈ ጊዜ መጽሐፉን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። «የዚህን ወር እኔ ነኝ የምሰጠው» አለች፤ «ሰው ለሞተበት ነው። መጨረሻው ላይ ይቸኩላል፣ ሌላው እውነት ነው። የእኔ ሽመልስ ቢያነበው ደስ ይለው ነበር፣ ቀልድ ይወድ ነበር።» ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አንዷ፣ ሽመልስ ልጅ ሳለ ከጓሮዋ በቆሎ ሰርቆ እሷኑ እንዳበላት ተናገረች፣ ሌላዋም የምታውቀውን ቀጠለች፤ የዚያን ቀን ማኅበርተኛው የተበተነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ክረምት ሳይገባ እማዬ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች፣ ሽሮውም ማረር ጀመረ።

እትዬ ማሚቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እማዬ ጡረታ ወጥታለች፣ ማኅበሯንም መጽሐፏንም አልተወችም። እኔ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ፤ አንባቢ መሆኔን ስለሚያውቁ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች በየወሩ መጽሐፍ ጠቁሚን ይሉኛል፣ እኔም በቴሌግራም የሽፋን ፎቶ እለቅላቸዋለሁ፤ ብዙዎቹን በስም እንጂ በኑሮ አላውቃቸውም። ያኔ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሰው ይታሰብ ነበር፤ አሁን እኔ አንዱን መጽሐፍ ለመቶ ሰው እልካለሁ፣ ለማን እንደሆነም አልጠይቅም። ባለፈው ወር አጠገቤ የምትሠራ፣ እናቷ በቅርቡ የሞቱባት ልጅ፣ የምታነበው እንድጠቁማት ጻፈችልኝ፤ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አምስት ሽፋን ላክሁላት፣ እሷም የልብ ምልክት መለሰችልኝ። ከታክሲው ከወረድኩ በኋላ የላክኋቸውን ደግሜ አየኋቸውና አፈርኩ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ምሳዬን ይዤ ጠረጴዛዋ ጋ ሄድኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እናትሽ ስማቸው ማን ነበር?» አልኳት።

ነግራኝ እስክትጨርስ የሁለታችንም ምሳ ቀዘቀዘ።