ወንድሜ ያላየው የፊልሙ ክፍል

ጥቁር ላስቲክ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ አለ። ጎማ ጎማ ይላል፤ ትንሽም የተቃጠለ ስኳር ይመስላል። ትናንት ጎረቤቴ የጭድ ክምሩን በላስቲክ ሲሸፍን በዚያ ሳልፍ ሸተተኝና ቆምኩ። ሰውየው «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። የለም አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ይኸውልህ፣ ያኔ አርብ ገበያ ላይ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ ጥቁር ላስቲክ ተወጥሮበታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ውስጡ ይታፈናል፤ የላብ፣ የቆሎና የላስቲክ ሽታ አንድ ላይ ይሆናል። ላስቲኩ አንድ ቦታ ተበስቶ ነበር። በዚያ ቀጭን ብርሃን ይገባል፣ አቧራው ይጨፍርበታል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም፤ እንግሊዝኛ ግን ይሰማ ነበር። ስለዚህ ከፊት ይቀመጥና ይተረጉምልናል።

በዚያ ዓመት የምናየው ተከታታይ ፊልም ሙታን የሚነሡበት ነበር። የሞተው ተነሥቶ በሕይወት ያለውን ይነክሳል፣ የተነከሰውም ሞቶ ይነሣል። ዞምቢ ነው የሚሏቸው። በየአርቡ፣ ገበያው ሲላላ፣ አንድ ክፍል እናያለን። ፊልሙ ቶሎ ያልቃል፤ ክርክሩ ግን እስከሚቀጥለው አርብ ይዘልቃል።

«እኔ የማይገባኝ፣» ይላል ፀጉር ቆራጩ፣ «ሆዳቸው ተዘርግፏል። የሚበሉት ሥጋ የት ነው የሚገባው?»

«አንተ የምትጠጣው ጠላ የት እንደሚገባ መጀመሪያ ንገረን» ይለዋል ወንድሜ።

አንድ ዲያቆንም ነበር። ቤተ ልሔም የሚባል ደብር ዜማ ይማራል፤ አርብ አርብ ለገበያ ብሎ ይመጣና እኛ ዘንድ ይገኛል። «ሙታን የሚነሡት በመለከት ድምፅ ነው። ይሄ ሐሰት ነው» ይላል።

«ሐሰት ከሆነ ከፊት ወንበር ላይ ምን ትሠራለህ፣ ዲያቆን?»

«ሐሰቱን ልመረምር ነዋ!»

ትልቁ ክርክር ግን ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነበር። በፊልሙ ውስጥ ታላቅየው ክንዱን ተነከሰ። ታናሽየው ቁስሉን በኮት እጅጌ ሸፍኖ ከሌሎቹ ደበቀው። ወንድሜ በዚህ ሰው ተናደደ። ይህን ያህል ሲናደድ አይቼው አላውቅም።

«ደንቆሮ ነው!» አለ። «ሕጉን ያውቃል። ከተነከሰ አለቀ። ምን ይጠብቃል?»

«ወንድሙ እኮ ነው» አልኩ።

«ወንድሙ ከሆነ ቀድሞ ይገላግለው።»

«አንተ ብትነከስስ?» አለው የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት።

«እኔ ብነከስ ለዚህ ልጅ መጥረቢያ አቀብለዋለሁ። ግን አጉል አዛኝ ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ ሰንዝሮ ወንበሩን ይፈልጥብሃል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

ወንድሜን ውሻ የነከሰው በሌላ አርብ፣ ከዚያው ቤት ስንወጣ ነው። ገበያተኛው አህያውን እየጫነ ነበር። አንድ ቀይ ውሻ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ በአህዮቹ መሐል መጣ። አንዷን አህያ አፍንጫዋን ነከሳት። ከዚያ የወንድሜን ባት ያዘ። ሰዎች በዱላ ገደሉት። ከቪዲዮ ቤት የወጣነው ልጆች ምን እንዳልን ልንገርህ? «ተነከሰ! ተነከሰ!» እያልን እየጮኽን ሳቅን። ወንድሜ ራሱ እጁን ዘርግቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ እንደ ዞምቢ ወደ ፀጉር ቆራጩ ሄደ። ደሙ ጫማው ውስጥ ይገባ ነበር።

አባቴ በዚያው ምሽት ወደ ባለመድኃኒቱ ወሰደው። ባለመድኃኒቱ ከእኛ በላይ ያለች ጎጥ ውስጥ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የእብድ ውሻ መድኃኒት ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱ፣ ብዙ ሰው አዳኑ የሚባልላቸው። ሥሩን ደቁሰው በወተት አጠጡት። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ሆዱ ውስጥ ቡችላ ይፀንሳል ይባላልና፣ ሲያስመልሰው «ወጣ፤ ቡችላው ወጣ» አሉ። ከዚያ ሕጉን ነገሩት፤ አርባ ቀን እስኪሞላ ወንዝ እንዳይሻገር። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይገለበጥና ራሱ ይገድለዋል።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ቁስሉን በሳሙና አጠበችና የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌው እነሱ ዘንድ እንደሌለ፣ ሳይውል ሳያድር ደብረ ታቦር መሄድ እንዳለበት ነገረችን። ወደ ደብረ ታቦር ደግሞ ወንዝ ሳይሻገሩ አይኬድም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ክርክር የመጣው። ወንድሜ እያነከሰ ቪዲዮ ቤት ገባ። «ሽጉጥ አምጡ፣ ተነካሹ መጣ!» አለ ፀጉር ቆራጩ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ወንድሜ ነገሩን ልክ እንደ ፊልም አቀረበላቸው። መኪናው በድልድይ ላይ ያልፋል። እግሬ ውሃ አይነካም። ይሄ መሻገር ነው ወይስ አይደለም?

«ድልድይ ድንጋይ ነው» አለ ዲያቆኑ። «በድንጋይ ላይ መሄድ ውሃ መሻገር አይባልም።»

«ከሥሩስ?» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ከሥሩ ጠበል ነው የሚፈሰው? ወንዝ ነው!»

«ተኝቶ ቢያልፍስ?» አለ ባለቤቱ። «ያላየውን ወንዝ እንዴት ተሻገረ ይባላል?»

እንዲህ እያሉ ሲከራከሩ ዋሉ። ሰው ወደ ባለመድኃኒቱ ላኩ። «ውሃ ውሃ ነው። በመኪናም ቢሆን በክንፍም ቢሆን አይሻገርም» የሚል መልስ መጣ። ወንድሜ ግን «እኔ እሄዳለሁ» አለ። ልብሱን በፌስታል ቋጠረ። በማለዳ አባቴ ደጅ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እሱም የቱን እንደሚያምን አያውቅም ነበር፤ አሁን ሳስበው።

እናቴ ከጓሮ ወጣች። ትልቅ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ነበር። እኛ አገር ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከለመነህ እምቢ አይባልም። ባለ ደም እንኳ ለዚያ ድንጋይ ይቅር ይላል። ወገቧ ታጥፎ፣ ትንፋሿ እያጠራት በወንድሜ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ጠጥተኸዋል ልጄ። ከተሻገርክ ትሞትብኛለህ። በጡቴ ይዤሃለሁ፣ እስኪሞላ ብቻ!»

«እምዬ፣ ጣይው፤ ይከብድሻል።»

«እምቢ! እሺ በለኝና አውርድልኝ።»

መኪናው ከታች ጥሩምባ ነፋ። ወንድሜ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አወረደላት።

የተባለው ጊዜ ሞላ። ቁስሉ ደርቆ ነጣ። እናቴ ለተክልዬ ዳቦ ደፋች። ወንድሜም ወደ ቪዲዮ ቤቱ ተመልሶ መተርጎሙን ቀጠለ። ድኗል ብለን ስለ ደብረ ታቦር ማንሣት ተውን። መኪናው በየቀኑ ባዶ ወንበር ይዞ ያልፍ ነበር።

አንድ ጠዋት ባቱን ያክ ጀመር። በማግሥቱ ውሃ ሲሰጡት ኩባያው ከእጁ ወደቀ። ጉሮሮው ተኮማተረ፤ ዐይኑ ፈጠጠ። በር ሲከፈት የሚገባው ነፋስ እንኳ ያንዘፈዝፈው ነበር። ነርሷ መጥታ አየችውና ከበሩ ሳታልፍ አባቴን ወደ ውጭ ጠራችው። አባቴ ሲመለስ ጠፍር ይዞ ነበር። እጁን አሰረው። ወንድሜ ራሱ ነው «ጠበቅ አድርገው አባ» ያለው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የቪዲዮ ቤቱ ሰዎች መጡ። ባለቤቱ ወንድሜ የሚቀመጥበትን ወንበር አውጥቶ ካቃጠለው በኋላ ነው የመጣው። ከአጥሩ ማዶ ቆሙ። ፀጉር ቆራጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ዝቅ ያለ መስሎት፣ «ሰው ይለያል?» አለኝ።

ከውስጥ ወንድሜ ሰማው። «እለያለሁ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ እንደ ውሻ ይሰነጠቅ ነበር። «አንተ ያ ፀጉር ቆራጭ ነህ! ፀጉሬን በግራ በኩል ሁልጊዜ የምታንጋድደው!»

ሮጡ። ዲያቆኑ ብቻ ቀርቶ አጥሩን ይዞ ያለቅስ ነበር።

አርብ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፣ መስኮቱ በጋቢ ተሸፍኗል። እኔ የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጥኩ። ልቀርብ ስል «እዚያው ሁን፤ ምራቄ እንዳይነካህ» ይለኛል። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲልለት ልቡ እንደ ድሮው ነበር።

«ዛሬ አርብ አይደል? ፊልሙን አየኸው?»

አላየሁም። እሱን ትቼ የት እሄዳለሁ? ግን «አዎ» አልኩት።

«ያ ወንድሙን የደበቀው እንዴት ሆነ?»

«አንዲት ሐኪም ቁስሉን አየችበት።»

«ገደሉት?»

«አልገደሉትም። መድኃኒት ሰጠችውና… ዳነ።»

ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

«የተነከሰ ሰው የሚድን ከሆነማ ያን ሁሉ ሰው ለምን ገደሉት?» አለ። «አያስኬድም። የጻፈው ሰው ረስቶታል።»

የመድረኩን እንጨት በጥፍሬ ፋቅሁ።

«እሺ፣ ቀጥል» አለ።

ቀጠልኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች መኪና አገኙ አልኩት። ሙታን የሌሉበት፣ ደጋ የሆነ አገር ደረሱ። ቤት ተከራዩ። ጠዋት ጠዋት ታላቅየው ሥራ ይሄዳል። ምን ምሳ እንደበሉ ሳይቀር ነገርኩት። አንዳንዴ «እህ» ይላል። አንዳንዴ ጠፍሩ ሲወጠር እሰማለሁ፤ ያኔ ዝም እላለሁ፤ ሲረግብ እንደገና እጀምራለሁ።

አባቴ የተፈታውን ጠፍር በእጁ ይዞ ከውስጥ ወጣና ትከሻዬን ያዘኝ።

«ይበቃል ልጄ። አሁን አይሰማህም።»

እኔ ግን ታናሽየው ትምህርት ቤት የሚገባበት ላይ ደርሼ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እሱንም ነገርኩት።