ካርቡራተር ያዘለ መቀነት

በአጎቴ በጋሼ ሽመልስ ግቢ፣ ከካቡ ሥር፣ ጤና አዳም የበቀለበት አንድ የዛገ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። እንግዳ ሁሉ ለአትክልት ተብሎ የተሠራ ይመስለዋል። እኔ ግን ቅጠሉን ቆርጬ በጣቴ ባሸሁት ቁጥር፣ ከጤና አዳሙ ጠረን ሥር የቤንዚን ሽታ ይመጣብኛል። ሣጥኑ ቤንዚን ከነካው ስንት ዘመኑ! አፍንጫዬ ግን ምክር አይሰማም፤ ይዞኝ ወደዚያ ሠርግ ይሮጣል።

ልጅ እያለሁ ሐረር ውስጥ ዶቅዶቄ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከነዚያ አንዱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ሽመልስ ነው። የስልክ ሠራተኛ ነበር፤ ሞተሩንም ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ ነበር የገዛው። ያኔም አሮጌ ነበር። ከሐኪም ጋራ ቁልቁል ሲወርድ እያሳለና እያጨሰ ነው፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን ድምፁን ስንሰማ ምሳችንን ጥለን አጥር ላይ እንንጠለጠል ነበር። እኔማ የአጎቴ ስለሆነ ብቻ በሰፈሩ ላይ የኮራሁትን ኩራት ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ጋሼ ሽመልስ ከራሱ በፊት ሞተሩን ማሽሞንሞን ጀመረ። መካኒኮቹ ፊልትሮ የሚሉት የአየር ማጣሪያ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ከካርቡራተሩ ኋላ፣ በትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር የተቀመጠው። ድሬዳዋ የሚመላለስ ጓደኛው ጡጫ የምታክል፣ የምታብረቀርቅ አዲስ ፊልትሮ አመጣለት። ጋሼ ሽመልስ ሣጥኑን ፈትቶ ወረወረና እሷን በካርቡራተሩ ጀርባ ላይ ገጠማት። ወይ ጉድ! ሲያስል የኖረው ሽማግሌ በአንድ ቀን ጎረምሳ ሆነ። ድምፁ የመስኮታችንን መስታወት ያንቀጠቅጠው ነበር።

አያቴ በበኩሏ በቤቷ የሚጣል ነገር ስለማታውቅ ሣጥኑን አንሥታ አፈር ሞላችበትና ጤና አዳም ተከለችበት። "ልጄ፣ ሥራ የነበረውን ዕቃ እንዲህ አይጥሉትም፤ ነገ ትፈልገዋለህ" አለችው። እሱ ሳቀባት። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ብቻውን ከፍ ዝቅ ማለት መጀመሩን ስንነግረውም፣ "አዲስ ጫማ ነው፤ እስኪለምደው ነው" ብሎ አለፈው።

የሙሽራዋ የእትዬ አስካለ አባት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። ልጃቸውን ለመስጠት አላስቸገሩም፤ ያስቸገሩት በዶቅዶቄ ትሄዳለች ሲባል ነው። በደንቡ ሙሽራ በበቅሎ ነው የምትሄደው፤ ቢዘምን ቢዘምን በታክሲ። እትዬ አስካለ ግን አንዴ በሞተር እሄዳለሁ ብላለች፤ እሷ ካለች አለች ነው። ሽማግሌዎቹ ብዙ ከለመኑ በኋላ ሃምሳ አለቃ ፍርዳቸውን ሰጡ።

"ይሁን፣ በብረትህ ውሰዳት። ግን ታላቅ ወንድሟ በቅሎ ይዞ ከኋላችሁ ይከተላል። ያ ብረት ደክሞ ልጄ መንገድ ላይ ከወረደች፣ በቅሎዋ ላይ ትወጣና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አንተም ሌላ ጊዜ እንደ ሰው ትመጣለህ።"

"እሺ አባባ፣ አትወርድም" አለ ጋሼ ሽመልስ። አያቴ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ጨመረች፤ ሙሽራ ከወንድ ጋር ብቻዋን በሞተር አትሄድም፣ ልጅ አብሯቸው ይቀመጥ። ያቺ ልጅ እኔ ሆንኩ! በነጭ ቀሚስ፣ አበባ ይዤ፣ ከጋሼ ሽመልስ ፊት የቤንዚን ታንከሩ ላይ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

በሠርጉ ቀን ከሙሽራዋ ቤት ልንነሣ ስንል እናቷ የራሳቸውን መቀነት ፈትተው በልጃቸው ወገብ ላይ አሰሩ። በእነሱ ቤት ወግ ይህ መቀነት የባልን ቤት ደፍ እስክትሻገር ድረስ አብሯት መሆን አለበት። እትዬ አስካለ እናቷን ስማ ስታለቅስ ሞተሩ ተነሣ፤ እንባዋን ሳትጠርግ መሳቅ ጀመረች።

ፈረስ መጋላ ስንደርስ ከተማው ሁሉ የወጣ መሰለኝ። ባለሱቆቹ ሥራቸውን ትተው በራፍ ላይ ቆመዋል፤ ልጆች እየጮኹ ይከተሉናል፤ የአደሬ ሴቶች በቀያይ ሻሻቸው ከዳር ሆነው እልል ይላሉ። አንድ ጨርቅ ሻጭ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው "ማሻአላህ! አላህ በሰላም ያድርሳችሁ!" አሉን። ጋሼ ሽመልስ አደባባዩን አንዴ መዞር ሲበቃው ደጋገመው። ነፋሱ አፌ ውስጥ ገብቶ እየጮኽኩ መሆኔን እንኳ አላውቅም ነበር። ኋላችን ሚዜው በብስክሌት፣ ከሚዜው ኋላ ደግሞ የሙሽራዋ ወንድም ተፈራ በቅሎዋን እየሳበ።

ሞተሩ የቆመው ወደ ጋሼ ሽመልስ ቤት የሚያወጣውን የሐኪም ጋራን ዳገት ስናጋምስ ነው። መጀመሪያ እንደሚያስነጥሰው ሰው ሁለት ሦስቴ ከፍ ዝቅ አለ፤ ከዚያ ዝም። ጋሼ ሽመልስ ወርዶ ሞተሩን እየደገፈ ማስነሻውን ረገጠ። ተነሣ፤ ጠፋ። ደግሞ ረገጠ፤ ተነሣ፤ ጠፋ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ ጠረገ። ያው ነው። የሠርግ ልብሱ በላብ ራሰ። ከታች የበቅሎዋ ቃጭል እየቀረበ መጣ።

"አስካለ፣ እንዳትወርጂ! በእናትሽ እንዳትወርጂ!" አለ።

"ማን ወረደ?" አለች እትዬ አስካለ፣ እግሮቿን ወደ ላይ ሰብስባ። ተፈራ ደርሶ በቅሎዋን ከጎናችን አቆመ። ደግ ሰው ነው፤ ግን የአባቱን ቃል የሚያጥፍ ልጅ አልነበረም። "እህቴ፣ ምን ላድርግ? ካልሄደ እኮ ነይ ልልሽ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ጋሼ ሽመልስ እንደገና ረግጦ ሞተሩን ሲያስነሣው፣ ከትኩሱ ብረት እግሬን ለማሸሽ ስፈራገጥ የጫማዬ አፍንጫ ካርቡራተሩ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ገፋው። ሞተሩ ሳይቆራረጥ ጮኸ! አልጠፋም፣ አልተንገጫገጨም። እግሬን ሳነሣ ጠፋ።

"ጋሼ! ስገፋው ይሠራል! ስለቀው ይሞታል!"

አጎቴ አየኝ፤ ተንበረከከና አስነሥቶ በመዳፉ ከሥር ደገፈው። ሞተሩ በደስታ ዘመረ። እጁን አነሣ፤ ዝም። ያኔ ግንባሩን መታ።

"ሣጥኑ! ሣጥኑ ነበር ጀርባውን የያዘለት! እኔ ሞኙ ወርውሬው፣ ያ ሁሉ ክብደት ከሞተሩ ጋር በምታያይዘው አንዲት ጎማ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎማዋ ዘመመችና በስንጥቋ አየር እየሳበ ነው!"

የአያቴ ጤና አዳም ታየችኝ። የሚያስፈልገን እዚያ ዳገቱ ጫፍ ቤት አፈር ተሞልቶ ተቀምጧል። ሽቦ ፈለግን፣ የለም። ብስክሌቱን እየገፋ የደረሰው ሚዜ ክራቫቱን አውልቆ ሰጠ፤ ታሰረ፤ ግን ሐር ነውና ተንሸራቶ ወደቀ። ተፈራ የበቅሎዋን ኮርቻ ማስተካከል ጀመረ።

በዚህ ጊዜ እትዬ አስካለ የሞተሩ መቀመጫ ላይ እንደተቀመጠች ካባዋን ገለጥ አድርጋ የእናቷን መቀነት መፍታት ያዘች።

"ኧረ ተይ፣ ደፍ ሳትሻገሪ!" አለ ተፈራ ደንግጦ።

"እዚህ ዳገት ላይ ከቀረሁ ምኑን ደፍ ነው የምሻገረው?" አለችው። "ሽመልስ፣ በዚያ በኩል ተቀበለኝ።"

መቀነቱን አጥፋ በካርቡራተሩ ሥር አሳለፈች፤ እሱ በወዲያ በኩል ተቀብሎ ከታንከሩ በታች ባለው ብረት ላይ አዞረ። እኔ በጫማዬ ደግፌ ይዣለሁ። ሕፃን እንደምታዝል እናት ሳበች፣ አጠበቀች፣ ቋጠረች፤ የተረፈውን ጫፍ ፊልትሮዋ እንዳትስበው ጠቅልላ ወሸቀችው። "ልቀቂ" አለችኝ። ለቀቅኩ። ጋሼ ሽመልስ ረገጠ።

ያ ድምፅ! ዳገቱ በሙሉ አስተጋባ። በቅሎዋ ደንብራ ተፈራን ይዛው ልትሄድ ነበር። ወጣን፤ ሦስት ሰው፣ አንድ አሮጌ ሞተርና አንድ መቀነት ሆነን ወጣን! ጮኽኩ፣ አበባዬ መንገድ ላይ ተበተነ፣ ግድ አልሰጠኝም። ዳሱ ታየ፤ ሰው ሊቀበለን ቆሟል። ጋሼ ሽመልስ ግን አልቆመም።

"መቀነቱና ሙሽራዋ አብረው ነው የሚሻገሩት!" ብሎ እየጮኸ በዳሱ መሐል አልፎ፣ በተከፈተው በር፣ ደፉን በሞተሩ ዘሎ ቤቱ ውስጥ ገባ። ሰው ግራና ቀኝ ተገለበጠ፤ ቤቱ በጭስ ተሞላ። አያቴ እያሳለች እልልታዋን አቀለጠችው።

ለመልስ ስንሄድ ሃምሳ አለቃ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። በዘይት የጠቆረውን የሚስታቸውን መቀነት አዩት፤ ጎተት አድርገው ሞከሩት።

"እሷ የያዘችው አይወድቅም" አሉ በመጨረሻ። "እኔንስ ይዛኝ የለ?"

ቆይቶ ጋሼ ሽመልስ ብረት አጥፎ ለካርቡራተሩ ደጋፊ ሠራለት፤ ሣጥኑን ግን አያቴ ጤና አዳሜን ነቅዬ አልመልስም አለች። መቀነቱ ታጥቦ ተመለሰ፤ እድፉ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ዛሬ ያ ዳገት አስፋልት ነው። ባጃጁ ሽው ብሎ ይወጣዋል፤ ማንም አጥር ላይ አይንጠለጠልም፣ ማንም እልል አይልም። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ጋሼ ሽመልስና እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ አገኘኋቸው። ጉልበቱ ከድቶታል። እሷ በመዳፏ ክርኑን ከሥር ደግፋ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ስታየኝ ደስ ብሏት ልታቅፈኝ እጇን አነሣች። ጋሼ ሽመልስ ባለበት ቆመ፤ ወደ እኔም ዞሮ ያንን የጎረምሳ ሳቁን ሳቀ።

"አስካለ፣ እጅሽን መልሺ እንጂ፤ ዳገቱን እኮ ገና አጋመስነው።"

መለሰችለት። እኔም በሌላው ጎኑ ገባሁና አብረን ወጣን።