የዊንጌቷ ጭራቅ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓመት ቢያልፈውም አልወጣልኝም። ታክሲ ውስጥ ሰው ትክ ብሎ ካየኝ ሳላስበው ግራ እጄን ሻርፔ ሥር እደብቃለሁ። ያን ቀን አንዲት እናት ጨምድደው የያዙኝ በዚያ እጄ ነበር፤ ለምን አልለቅ እንዳሉኝ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። ዊንጌት አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ቁመቴ ረጅም፣ ድምፄ ወፍራም ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ድራማ በተሠራ ቁጥር የሚደርሰኝ ወይ እንጀራ እናት ወይ ክፉ አማት ነው። «ፊትሽ ለክፋት ይመቻል» ያለኝ አዘጋጅ ሁሉ አለ፤ እግዜር ይስጠው።

ስለዚህ የሰፈራችን ልጆች ተሰባስበን ሙዚቃዊ ቲያትር ስናዘጋጅ የጭራቂቷ ቦታ ለእኔ መሰጠቱ ማንንም አላስገረመም። ተረቱ ሁላችንም በልጅነታችን የፈራነው ዓይነት ነው፤ ጫካ የምትኖር ጭራቅ ሕፃን ትሰርቃለች፣ በስልቻ ከታ ትወስዳለች፣ መንደርተኛው ወጥቶ ይገድላታል። የእኛው ልዩነቱ ታሪኩን የምታወራውም የምትዘፍነውም ጭራቂቷ ራሷ መሆኗ ነው። በእኛ ቲያትር ልጅቷ አልተሰረቀችም። ጠፍታ ብርድ ሊገድላት ሲል አግኝታ ያስጠጋቻት ጭራቂቷ ናት። መንደርተኛው ግን ዋሻዋ ደጃፍ ላይ የልጅቷን አንድ እግር ጫማ ያገኝና ሳይጠይቅ ይፈርድባታል። እዚያ ላይ እንዲህ እያልኩ እዘፍናለሁ፤ «ጫማዋን አገኛችሁ፣ እግሯን ያሞቀ እጄን አላያችሁ።»

ይህ ዘፈን አልሆን ብሎኝ ነበር። አዘጋጃችን ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «ትቆጫለሽ። እሷ እኮ አልተቆጣችም፣ ፈርታለች።» እኔ ደግሞ ይህን የሚያህል ድምፅ ይዤ ምን ያስፈራኛል እያልኩ አዳራሹን አናጋው ነበር።

ልጅቷን የምትጫወተው የስድስት ዓመቷ ሶልያና ናት። እናቷ ሃና ጓደኛዬ ናት፤ ሸጎሌ ነው የሚኖሩት። ሃና የምትሠራው ከሰፈራችን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለው የእጽዋት ማዕከል፣ ችግኝ ማፍላት ነው። ያን ቅዳሜ ተረኛ ስለነበረች «አንቺ ከቤት ይዘሻት ሂጂ፣ እኔ ሳይጀመር እደርሳለሁ» አለችኝ። ቲያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚታይበት ቀን ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ይጀመራል።

ዊንጌት ያለው አዳራሻችን ውስጥ መስታወቱ አንድ ነው፣ እኛ ደግሞ አሥራ ሁለት ነን። በዚህ ምክንያት ፊቴን እቤቴ ተቀባሁ። ጉንጬን አመድማ፣ ከንፈሬን ጥቁር አደረግኩ፤ ከዓይኔ ሥር እስከ አገጬ ቀይ መስመር አወረድኩ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ ይላሉ። ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ማስክ አደረግኩ፣ ፀጉሬን በሻርፕ ሸፈንኩ፣ ጥቁር መነጽር ጨመርኩ። የቲያትሩን ዕቃ ሁሉ ስልቻው ውስጥ ከትቼ ሶልያናን ልወስድ ሸጎሌ ሄድኩ። እሷ ደግሞ የመድረክ ቀሚሴን ካልለበስኩ አልሄድም ብላ አለቀሰች፤ ከላይ ጃኬት ደርቤላት ወጣን። ጉንፋን ይዟት ስለነበር ጠዋት እናቷ ሽሮፕ ሰጥታታለች። ገና ታክሲ ውስጥ ከመግባታችን ጭኔ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

አጠገቤ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ግራ ብብታቸው ሥር ከሸጎሌ የገዟት ዶሮ አለች። ዶሮዋም እሳቸውም እኩል ያዩኛል። በበዓል ገበያው ምክንያት መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል።

«ልጅሽ ናት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

አይደለችም ብል የማን ናት፣ አባቷስ፣ አንቺስ ምኗ ነሽ የሚለው ይከተላል። የጓደኛን ልጅ ልጄ አይደለችም የሚል ሰውስ የት አለ? ደግሞ ዘፈኔን በልቤ እየደገምኩ ስለነበር ወሬ አልፈለግኩም።

«አሟታል እንዴ? እንዲህ ድብን ያለችው?»

«ጉንፋን ነው።»

«ስሟ ማነው?»

«ሶልያና።»

 አተያያቸው ደስ አላለኝም። አንዴ መነጽሬን፣ አንዴ ስልቻውን፣ አንዴ ከጃኬቱ ሥር የወጣውን የልጅቷን ቡትቶ ቀሚስ ያያሉ። ታክሲው ሲነሳ ሶልያና ተንቀሳቀሰችና ዓይኗን ገለጠች። እማማ ጎንበስ አሉላት።

«የኔ እመቤት፣ ስምሽ ማነው?»

«እንቡጥ» አለች።

እንቡጥ በቲያትሩ ውስጥ ያላት ስም ነው። አዘጋጃችን ለልጆቹ አንድ ሕግ ሰጥቷቸዋል፤ የመድረክ ልብስ ከለበሳችሁ በኋላ የቤት ስማችሁን እርሱት። ከሁላችንም ይህን ሕግ የምታከብረው ሶልያና ነበረች። «ሶልዬ፣ ገና መድረክ ላይ አይደለንም» ልላት አፌን ስከፍት እማማ እጃቸውን ፊቴ ላይ ዘረጉ።

«ይቺ ሴትዮ እናትሽ ናት?»

«አይደለችም። ጭራቂቷ ናት።»

«ወዴት ነው የምትወስድሽ?»

«ወደ ጫካ። በስልቻው። ሰዎቹ ትበላታለች ይላሉ፣ ግን...»

ግን ከሚለው በኋላ ያለውን ማንም አልጠበቀም። ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ስልቻውን ፈትሹት» አለና ስልቻው ከእግሬ ሥር ተጎትቶ ሄደ። መጀመሪያ ገመድ ወጣ። ቀጥሎ የሕፃን ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ። ቀጥሎ ብርማ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቢላዋ። እንጨት ይሁን ብረት ነክቶ ያረጋገጠ ሰው የለም።

«የቲያትር ዕቃ ነው» አልኩ። አዳራሽ የሚያናጋው ድምፄ የት እንደገባ እንጃ፣ ቀጥኖ ወጣ።

«እስቲ ማስክሽን አውልቂ» አለ አንዱ። ሳልመልስለት ራሱ ጎተተው።

ቀለሙ በላብ ቀልጦ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት በስመ አብ ብላ አማተበች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ዊንጌት ላይ ዳር ይዞ አቆመ። እውነቱን ለመናገር ያን ፊት እኔም ባየው ልጄን አላስጠጋም።

ስንወርድ ነው እማማ ግራ እጄን አንጓው ላይ ጨምድደው የያዙኝ። ሶልያናን አንዲት ተሳፋሪ ታቀፈቻት። «የልጅ ሌባ ተያዘች» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ወርዷል። ከየሱቁ፣ ከታክሲ ሰልፉ ሰው መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ማዶው አልታይ አለኝ።

ፎቶ ኮፒ ቤታችን ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። ሰዉ መሃል በየሳምንቱ ወረቀት የሚያባዛ አንድ ደንበኛችንን አየሁና ተስፋ አደረግኩ። በስሙ ጠራሁት። ፊቴን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ስሜን በምን አወቀች?» አለ።

እሱ ነገሩን ከድጡ ወደ ማጡ ከተተው። ከጎኔ አንድ ሰው ትከሻዬ ላይ በቡጢ መታኝ። ሻርፔ ተገፈፈ። መንገዱ ዳር ለቧንቧ የተቆፈረ ነገር ነበር፤ አንድ ጎልማሳ ከዚያ ድንጋይ ሲያነሳ አየሁ። ሶልያና «አትምቷት፣ ሌባ አይደለችም» እያለች ስታለቅስ ይሰማኛል። «አስፈራርታት ነው» ይላሉ። የልጅ ሌባ የተባለ ሰው ላይ ምን እንደሚደርስ ሰምቼ አውቃለሁ።  እዚሁ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ሁሉ ሌባ ነበረች ብሎ የሚያወራልኝ ሞት።

ለመሮጥ እጄን መነጨቅኩ። እማማ አልለቀቁኝም። በዚያች ደቂቃ እንደ እሳቸው የጠላሁት ሰው የለም። እየጎተቱ አንድ የተዘጋ ሱቅ ቆርቆሮ በር ላይ አስጠጉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ሰዉ ዞሩ። በቀኝ እጃቸው እኔን፣ በግራ ብብታቸው ዶሮዋን እንደያዙ ናቸው።

«እናቷ እስክትመጣ ማንም እጁን አያነሳም» አሉ።

«እማማ፣ ይውጡ ከዚያ፤ ሌባ ናት» አለ ድንጋይ የያዘው።

«ከሆነች መጀመሪያ የምመታት እኔ ነኝ። የያዝኳት እኔ አይደለሁም? አንተ የት ነበርክ?»

ወደ እኔ ሳይዞሩ «እናቷን ጥሪያት» አሉኝ። በቀኝ እጄ ደወልኩ። ሃና ሥራ ላይ ስልኳን ከቦርሳዋ አታወጣም። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በሦስተኛውም አልተነሳም። አንድ ጥሪ ባለቀ ቁጥር ሰዉ ጠጋ ጠጋ ይላል። በአራተኛው ተነሳ፤ ሁሉም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ሃና፣ ልጅሽን ሰረቀች ብለው ይዘውኛል።»

ሃና ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

«አባሪዋ ናት» አለ አንዱ።

«ሳቋን ትታ በአካል ትምጣ» አሉ እማማ።

ሃና ከዚያ ዳገት እስክትወርድ አርባ ደቂቃ ፈጀባት። አርባ ደቂቃ ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ሰዉ አይበተንም፤ እንዲያውም አዲስ የመጣው ከነባሩ የባሰ ነው፣ ከመጀመሪያ ስላልነበረ ነገሩን ሁሉ አጋንነው ነው የሚነግሩት። ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ።

«እማማ፣ እጄ ደነዘዘ። ትንሽ ያላሉልኝ» አልኩ።

ራሳቸውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ካላላሁት ትሮጫለሽ። ከሮጥሽ ይገድሉሻል።»

እስከዚያች ሰዓት የያዙኝ እንዳላመልጥ ብቻ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ በኋላ መታገሌን ተውኩ። እንዲያውም ጣቴን አጥፌ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ።

ሃና የደረሰችው የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ፣ ሰው ከጠራቸው ሁለት ፖሊሶች ጋር እኩል ነው። ሶልያና «እማዬ» ብላ ከሴትየዋ እቅፍ ወርዳ ሮጠች። ለሰዉ ይህ በቂ ነበር። ለእማማ ግን አልበቃም።

«የልጅሽ ስም ማነው?» አሏት።

«ሶልያና።»

«ሌላ ስም የላትም?»

ሃና ግራ ገባት። እያየችኝ አሰበች። «እንቡጥ... እሱ ግን የቲያትሩ ነው።»

ያኔ ነው የለቀቁኝ። አንጓዬ ላይ አራት ጣትና አውራ ጣት ቀልቶ ቀርቷል። ድንጋይ የያዘው ሰውዬ ድንጋዩን እንቁላል ይመስል ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሄደ። ደንበኛችን «ይቅርታ እህቴ» አለኝ፤ እስከ ዛሬ ወረቀት ሊያባዛ ሲመጣ ዓይኔን አያይም።

እማማ ዶሮዋን በደንብ አቀፏት። «እኔ ይቅርታ አልልሽም» አሉኝ። «ነገም እንደዚህ ሆነሽ ልጅ ይዘሽ ባይሽ እይዝሻለሁ።»

 ከኪሴ ሁለት የመግቢያ ካርድ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስማቸው አስካለ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቲያትሩ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። አልሠራም ብዬ ነበር፤ ሶልያና ናት እጄን ይዛ ያስገባችኝ። ዘፈኑ ጋ ስደርስ መንደርተኞቹ ዱላ ሲያነሱ፣ ጓደኞቼ መሆናቸውን እያወቅኩ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። መጮህ አቃተኝ። ታክሲው ውስጥ የወጣው ቀጭን ድምፅ ነው የወጣው። አዘጋጃችን በኋላ «በመጨረሻ ገባሽ» አለኝ። ምን እንደገባኝ ልነግረው አቅም አልነበረኝም።

እማማ አስካለ ያን ቀን አልመጡም፤ የበዓል ሥራ ነበረባቸው። የመጡት በሳምንቱ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው አየኋቸው። መንደርተኞቹ ጫማዋን አገኙ። ከበቡኝ። ዱላ ተነሳ። ልዘፍን ትንፋሽ ስወስድ ከሁለተኛው ረድፍ ድምፅ መጣ።

«እናቷ እስክትመጣ ጠብቁ» አሉ።

ተመልካቹ ሳቀ። መድረክ ላይ ያለነው ግን አልሳቅንም። እሳቸውም አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር። ሙዚቃው ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው መዝፈን የቻልኩት፤ የፊቴ ቀለም በእንባዬ ተበላሸ።

ትከሻዬን የመታኝ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይቅርም አላልኩትም። ሰው ተሰብስቦ ካየሁ አሁንም መንገድ እቀይራለሁ። በእማማ ላይ ግን ቂም የለኝም። ሃና ልጇን ከሰው ጋር በላከች ቁጥር ታክሲው ውስጥ እንደሳቸው ያለ ሰው ይኑር እላለሁ።

ዘንድሮ በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ዶሮ ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ዛሬስ ፊትሽን ታጥበሻል» አሉኝ። ዶሮዋን በአንድ እጃቸው ተቀበሉ፤ በሌላው ግራ እጄን አንጓው ላይ ያዙኝና ወደ ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። እንደዚያን ቀን አጥብቀው ነው የያዙኝ። እንዲያላሉልኝ አልጠየቅኳቸውም።