ሬዲዮ ኮሌጅ ገባች

አንድ ተራ ቀን ሬዲዮን ምን ያስከፍላታል ብለን ሂሳቡን እናውጣ ብንል፣ ከጠዋት መጀመር አለብን። መጀመሪያ የልጇን ለቅሶ ትከፍላለች። ትንሿ በር ላይ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ «እማ፣ ዛሬ ብቻ አትሂጂ» ትላለች፤ ይህ «ዛሬ ብቻ» ደግሞ በየቀኑ አለ። ቀጥሎ የአማቷን ጉልበት ትከፍላለች፤ የራሷ ያልሆነ ጉልበት ስለሆነም ይኼኛው ይከብዳታል። አሮጊቷ ሕፃን እየተከተሉ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። ከዚያ የጠዋት ደንበኞቿ አሉ፤ እሷ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ እነሱ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት የማድረቂያ ካስክ ሥር ይቀመጣሉ። ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ ቆማ ስለምትሠራ ወገቧም የድርሻውን ያዋጣል። ይኼ ሁሉ እሺ፣ ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነው። ሬዲዮ የኮሌጁን በር ካለፈችበት ጊዜ አንስቶ እስክትወጣ ድረስ ጨዋታዋን አስረክባ ነው የምትቀመጠው።

ለማያውቋት፣ ሬዲዮ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ፀጉር ሠሪ ናት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ ማበጠሪያ አንዴ ካነሳች አትዘጋማ። ኩርፍ ብላ ወንበሯ ላይ የተቀመጠች ሴት ሆዷን ይዛ እየሳቀች ትነሳለች። ከባሏ የተጣላች ታርቃ፣ ከጎረቤቷ የተኳረፈች ጥፋቷን አምና ትወጣለች። አንዷ ደንበኛ ፊት ለፊት ነግራታለች፦ «ፀጉሬንማ ቤቴም እሠራዋለሁ። እኔ የምመጣው ላንቺ ወሬ ነው።»

ይህች ሴት ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ልጇን ስታምጥ አንዲት ነርስ እጇን ይዛ፣ ስለ ራሷ የተቃጠለ ወጥ ሳይቀር እያወራች አብራት ቆይታ ነበር። ሬዲዮ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል «ይኼንንማ እኔም እችለዋለሁ» ብላ አሰበች። እጅ መያዙንም፣ ወሬውንም። ነገር ግን የነርስነቱ ትምህርት ከጥግ እስከ ጥግ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ኮሌጁ አስቀድሞ የተጠናከረ የእንግሊዝኛ ኮርስ ያስተምርና በመጨረሻ የንግግር ፈተና ይፈትናል። ያለፈ ይመዘገባል፤ የወደቀ ዓመቱ ያመልጠዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አማቷ አስቀድመው ነግረዋታል፦ «እኔ ፈቃደኛ ነኝ ልጄ፤ ጉልበቴ ግን እስከዚያ ቃል አይገባልሽም።» ስለዚህ ሬዲዮ ያላት ዕድል ይኼው አንድ ብቻ ነበር።

የክፍሉ መምህርት ሁለት ሕግ አላት። አንደኛው፣ በሩን ካለፉ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የለም። ሁለተኛው፣ እጅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ተማሪው ሁሉ ቃል ባጠረው ቁጥር በእጁ አየር ሲቀዝፍ አይታ ያወጣችው ሕግ ነው። «በስልክ ስታወሩ እጃችሁን ማን ያየዋል? ቃል ፈልጉ!» ትላለች። ክፉ አይደለችም፤ እሷም ብትሆን ቋንቋውን በላቧ የለቀመች ናት። ሬዲዮን ግን ይኼ ሕግ ከነአካቴው ዘጋት። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የሚጠይቃት እንዳይመጣ እየለመነች ትቀመጣለች። ሲጠይቋት «የስ» ትላለች፤ መልሱ «ኖ» ቢሆንም።

አጠገቧ የምትቀመጠው መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። አንድ ቀን ከኮሌጁ በር ውጪ ቆመው ሲያወሩ ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እንዴ! እኔ እኮ ዝምተኛ ትመስዪኝ ነበር!»

«እኔ? አንቺ ልጅ፣ ባሌ ይኼን ቢሰማ ድሮ ነበር ኮሌጅ የሚያስመዘግበኝ።»

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እሱም ቢሆን ማታ ቤት ስትገባ አይለቃትም።

«ዛሬስ በእንግሊዝኛ ምን አልሽ?»

«ሄሎ አልኩ።»

«ትናንትም ሄሎ ብለሽ አልነበር? ሰላምታው አያልቅም?»

«ተዋት አንተ!» አሉ አማቷ ከጓዳ። «ዝም አይነቅዝም።»

«አይነቅዝም እማማ፤ ግን ፈተና አያሳልፍም» አለች ሬዲዮ። ሦስቱም ሳቁ። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ ጨረሰች። ሰው አስቆ የሚያድር አፍ በሌላ ቋንቋ ድዳ ሲሆን፣ ባዶ ቤት ውስጥ እንደ መቀመጥ ነበር የሚሰማት።

ስለዚህ ሸመደደች። «የወደፊት ምኞቴ» የሚለው ርዕስ አይቀርም የሚል ወሬ ክፍሉ ውስጥ ስለነበር፣ አንድ ሙሉ ንግግር አስጽፋ ሹሩባ እየሠራች ታነበንበው ጀመር። አንዲት ደንበኛ በመስተዋቱ ውስጥ አፈጠጠችባት።

«ምንድን ነው የምትይው? ድግምት እየደገምሽብኝ ነው?»

«ፀጉርሽ እንዲበዛ ነው፤ አትንቀሳቀሺ።»

የፈተናው ቀን ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ሬዲዮ ከመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጋር ነበረች። ልጅቷ የራሷን ተፈትና ጨረሰችና ተራው የሬዲዮ ሆነ። ከዕጣው ያወጣችው የጥያቄ ወረቀት «የምትችዪው ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አስረጂ» ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያ ሁሉ የተሸመደደ ምኞት ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ። ታዲያ ፀጉር መሥራት ትችል የለ? ትችላለች። እጆቿ ግን ጠረጴዛው ላይ የሰው እጅ መስለው ተጋድመዋል። «በመጀመሪያ» አለች። «በመጀመሪያ» አለች እንደገና። መምህርቷ ጠበቀች፤ ጠብቃ ጠብቃ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ሬዲዮ ዓይኗን ከእስክሪብቶው ለማሸሽ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ልጅቷ ውጪ ተራ ሲጠብቁ በጭንቀት ስትጎነጉነው ስትፈታው የቆየችው ሹሩባ ባንድ በኩል ተበትኗል። ሬዲዮ ያንን ስታይ ጣቶቿ ራሳቸው ተነሱ።

«ቲቸር» አለች በእንግሊዝኛ፣ «እጄ ይሥራ፤ እባክሽ።»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«እጄ አይናገርም፤ ይሠራል ብቻ። የሚናገረው አፌ ነው።»

ኮርሱ ከተጀመረ ወዲህ ሳታቋርጥ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይኼ ነበር። መምህርቷ ጥቂት አሰበችና ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀመጠች።

«እንግዲያው እኔ አላይም። በጆሮዬ ብቻ ከገባኝ አለፍሽ፤ ካልገባኝ ወደቅሽ።»

ሬዲዮ ከጓደኛዋ ኋላ ቆመች። ማበጠሪያ ስላልነበራት በእርሳስ ጀመረች። ጣቷ ፀጉሩን ሲነካ አፏ ተፈታ። ቃሉ ትክክል ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ትናንትና ነገ ቦታ ተቀያይረዋል፣ ወንዱ ሴት ሆኗል። ግን አላቆመችም። ፀጉር መክፈል የሚለው ቃል ቢጠፋት «ጭንቅላቱ ላይ መንገድ እሠራለሁ» አለች፤ «ቀጥ ያለ መንገድ። ባሌ ሾፌር ነው፤ ጠማማ መንገድ አይወድም።» ሦስት ቦታ ከፍላ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያሳለፈች፣ ብዙ ከሳቡት ራስ እንደሚያም፣ ካላጠበቁት ደግሞ እንደሚፈታ አስረዳች። ልጅቷ ነቅነቅ ስትል እንደ ልማዷ ጣል አደረገች፦

«እመቤቴ፣ አትንቀሳቀሺ! ከተንቀሳቀስሽ ባልሽ ማታ በር ከፍቶ ያይሽና ‹ይቅርታ፣ ቤት ተሳሳትኩ› ብሎ ይሄዳል።»

የመምህርቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሬዲዮ መጀመሪያ ያሳላት መሰላት። ከዚያ ገባት፤ እየሳቀች ነው! በዚያ ቋንቋ ሰው አሳቀች። እጇ ለአፍታ ቆመ። መልሳ ቀጠለች፤ እስከ ጫፉ ጎንጉና አሰረችው።

መምህርቷ ወንበሯን መለሰችና የሰማችውን ከመንገዱ እስከ ማሰሪያው ቅደም ተከተሉን ጠብቃ ደገመችው። አንድም አልዘለለችም።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። «ሰውዬው ከዚያ ማን ቤት ሄደ?»

አለፈች። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጮኻ አቀፈቻት፤ አዲሱ ሹሩባም ተበላሸ። መምህርቷ ግን ሳታስጠነቅቃት አልሸኘቻትም። «ታካሚ ሁሉ ሹሩባ አያሠራም» አለቻት። «ነርስ እጇን አጣምራ ሐኪም ፊት ቆማ የምታስረዳበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜስ?»

ሬዲዮ ይኼን ሰምታ አልተቀየመችም፤ እውነት ነዋ። ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው፤ «ለሱም መላ አይጠፋም» አለች። መላውን ያገኘችው በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ትምህርቱ እስኪጀመር እየተለማመደችው ነው፤ ይህን ለምታነቡም እንዲህ ብላ ትለምናችኋለች፦

«እኔ ዘንድ ፀጉራችሁን ከተሠራችሁ፣ ጨርሼ እጄን ስታጠብ ብድግ ብላችሁ አትሂዱ። ትንሽ ተቀመጡልኝ። እጄ ሥራ ፈትቶ ሳለ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠይቁኝ። የፈለጋችሁትን። ብንተባተብ ጠብቁኝ፤ ብሳሳት አርሙኝ። ቀልድ ከሞከርኩ ደግሞ፣ አደራ፣ ካላሳቃችሁ አትሳቁልኝ።»