የአሥራ ሁለት ጥርሱ ብሎን

ከዳሞታ ጫፍ እስከ አባያ ዳር ድረስ ብሎን በጣቱ ዳብሶ አገሩን የሚናገር ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ዓይኔን ጨፍኜ የጃፓኑን ከጣሊያኑ፣ የጣሊያኑን ከእንግሊዙ እለያለሁ። ይህን ለደንበኛ ሁሉ አወራለሁ። የማላወራው እውቀቱን እንዴት እንዳገኘሁት ነው። የሰው ሞተር አበላሽቼ ነው ያገኘሁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከበዴሳ መጥቶ ሶዶ ገበያ አጠገብ ካለችው ብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤቴ ገባ። በጋዜጣ የጠቀለለውን አሮጌ ብሎን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የአያቱ የወፍጮ ሞተር ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሞ ኖሯል፤ አያቱ ካረፉ በኋላ አክስቱ ከዲላ ተመልሳ ልታስነሳው ተነሥታለች። እንዲህ ያለ ብሎን ሦስት ያስፈልጋታል፤ አዲስ አበባም ሐዋሳም ጠይቀው አጥተዋል።

“የኢንች ነው እንጂ የሚሊሜትር አይደለም አሉን” አለኝ፣ የበሽታ ስም እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብሎኑን አንሥቼ አሸተትኩት። የተቃጠለ ናፍጣና የበቆሎ ዱቄት ሸተተኝ። ሃያ ዓመት የቆመ ብረት ምን ይሸታል ብትሉኝ አልከራከርም። የአክስቱን ስም አልጠየቅኩትም። ምሕረት ናት።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ማዳልቾ ናቸው፤ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ከሠራሁ በኋላ ግን እኔ ያስተማርኳቸው ይመስለኝ ጀምሮ ነበር። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የበዴሳው ወፍጮ ቆመ። የሞተሩን ክዳን ከሚይዙት አራት ብሎኖች አንዱ ተበጥሶ ነው። ለበዓሉ እህል የማያስፈጭ ቤት የለምና በዚያ ሰሞን ወፍጮ ቆመ ማለት በሠርግ ዕለት ሙሽራው ታመመ እንደማለት ነው። ጋሼ ሄጄ የተበጠሰውን ብሎን ለናሙና እንዳመጣላቸው፣ ሌላ ምንም ነገር እንዳልነካ አስጠንቅቀው ላኩኝ። እኔ ግን ከሣጥናቸው አንድ የኢንች ብሎን መዥርጬ ኪሴ ከተትኩ። በዴሳ ምሕረት ነበረቻ!

ምሕረት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የእማማ ማርታ ልጅ ናት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ሞተሩን የምታስነሣውም፣ ዘይት የምታጠጣውም እሷ ነበረች። እናቷ ነገሩን አልወደዱትም። ናፍጣ ናፍጣ የምትሸት ልጅ ማን ያገባታል ይሉ ነበር። አንድ ነገር ከተበላሸ ሞተሩን ለወንድሟ ሰጥተው እሷን ዲላ ዘመድ ቤት እንደሚልኳት ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረዋል። እሷ ደግሞ ከዚያ ሞተር ሌላ በዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

የነሐሴ ጭቃ ነበር። የተጫንኩበትን መኪና ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋነው፤ በሦስተኛው እሱ እኛን የገፋን ይመስለኛል። የእንሰቱ ቅጠል ዝናቡን እያንጠባጠበ፣ በየደጁ የበቆሎ እሸት ጥብስ እየሸተተ ደረስኩ። ምሕረት ትኩስ የተቀቀለ ቦዬ ከዳታ ጋር አቀረበችልኝ። የዳታው ቃጠሎ እንባዬን አወረደው።

“ናፍቀሽኝ ነው” አልኳት።

“በርበሬው ነው” አለች።

ከበላሁ በኋላ ብሎኑን ከኪሴ አወጣሁ። ከአሜሪካ ትራክተር የተረፈ ግማሽ ኢንች ነው፤ ቁመቱም ውፍረቱም ልክክ ያለ። ምሕረት ተቀብላኝ ከተበጠሰው ጋር ጎን ለጎን አስደግፋ ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው።

“መሐላቸው ብርሃን ያሳልፋል። ጥርሳቸው አልገጠመም” አለች።

“ኢንች ኢንች ነው።”

“ቁጠረው እስቲ። የኛ በአንድ ኢንች አሥራ ሁለት ነው፣ ያንተ አሥራ ሦስት።”

“አንዷ ምርቃት ናት” አልኳት።

አልሳቀችም። ጋሽ ማዳልቾን ሳልጠይቅ እንዳላስገባው ለመነችኝ። እኔ ግን ጀመርኩት። ሁለት ዙር እንደ ቅቤ ገባ፤ በሦስተኛው ያዘ። መፍቻው ላይ እጇን ስታደርግ በቀስታ አነሣሁላትና እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። ዞረ። ከዚያ በድንገት ቀለለ። ብረት የነካ ሰው ያንን መቅለል ያውቀዋል። ብሎኑን ስመልሰው የሞተሩ ቀዳዳ ጥርስ እንደ ፍርፋሪ ተልጦ አብሮ ወጣ።

እማማ ማርታ ከጓሮ መጥተው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ። እኔም ለራሴ በሚመቸኝ መንገድ አስረዳኋቸው።

ጋሽ ማዳልቾ ሲሰሙ አልጮኹም። “ቋንቋቸው አንድ ስለሆነ የእንግሊዝና የአሜሪካ ብሎናቸውም አንድ መሰለህ?” አሉኝ ብቻ። ራሳቸው በዴሳ ሄደው ቀዳዳውን አሰፉት፣ ከአሮጌ የመኪና አክስል ወፍራም ብሎን ቀርጸው አስገቡበት። ሞተሩ ሲነሣ ግን ጊፋታ አልፎ ነበር፤ ሰዉ እህሉን ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ሄዷል። በጥቅምት ምሕረትን ሶዶ መናኸሪያ የዲላ መኪና ስትጠብቅ አየኋት። የጥፍሯ ሥር ገና በዘይት እንደጠቆረ ነው። አየችኝ፤ ከዚያ መኪናውን ማየት ቀጠለች።

ሦስቱን ብሎኖች በሁለት ቀን ቀረጽኳቸው። የመጨረሻውን ጥርስ ሳወጣ ያ ሞተር ቱክ ቱክ ሲል ሰማሁት፤ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ብሎን ወደ ብርሃን የምታነሣ ልጅም ታየችኝ። ብዙ ነገር ይናፍቀኛል፤ የጋሼ ዝምታ፣ የነሐሴ እሸት፣ እንባ የሚያወርደው ዳታ። ሰው ግን የሚናፍቀው ያጣውን ብቻ አይደለም፤ ያበላሸውንም ይናፍቃል። የሁለተኛው ናፍቆት የሚወራ አይደለም።

ልጁ ነገ ብሎኖቹን ሊወስድ ይመጣል። ያኔ ጥርሱ የተላጠ ቀን ለእማማ ማርታ ያልኳቸው “ምሕረት ናት ያስገባችው፤ እኔስ አትንኪው ብያት ነበር” ነው። እሷ አጠገቤ ቆማ አንዴ ብቻ “እኔ አልነካሁትም” አለች። እናቷ የሶዶውን ባለሙያ አመኑ።