የአባቴ ሠልስት በትንሿ ማጫወቻ

ዕቃዋን በተለይ ልወቅሳት አልፈልግም። የደብተር ያህል ናት፤ ስትከፈት ላይዋ መስታወት፣ ታችዋ ሲዲ የሚገባበት ክብ ጎድጓዳ። ቤይሩት ከገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው የገዛኋት። ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ከእኛ ከቤት ሠራተኞቹ መካከል እንዲህ ያለች ዲቪዲ ያልያዘች ጥቂት ነበረች። አሠሪዬ ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ የምትፈቅድልኝ በወር አንድ እሑድ ብቻ ነበር። በቀሩት እሑዶች ልብስ በምተኩስባት ጠባብ ክፍል ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከአገር የመጣልኝን የመዝሙርና የስብከት ሲዲ እከፍታለሁ። ቆሜ ነበር የማየው፤ ተቀምጦ ማየቱ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከውዳሴ ማርያሜ ጎን አስቀምጣታለሁ። ሌላ ነገር አላየሁባትም። ይህን የምጽፈው ልመካ ብዬ አይደለም፤ በኋላ የታየባት ነገር ለምን እንደቀፈፈኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

በአራተኛው ዓመት በፍልሰታ ለዕረፍት አገሬ ገባሁ፤ ማጫወቻዋንም ለእናቴ መዝሙር ላሳያት ብዬ ይዣት ሄድኩ። ደብረ ማርቆስ አጎቴ ቤት አደርኩ። በማለዳ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ክፍሉን ሞሉት። አባቴ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር። በሰው አገር ብቻዋን አትስማ ብለው፣ በደወልኩ ቁጥር «እርሻ ወጥቷል»፣ «ገበያ ወርዷል» እያሉኝ ከርመዋል። በዚህ አልተቀየምኩም። ሥርዓታችን ነው፤ እኔም ለሌላ ሰው እንዲሁ አደርግ ነበር።

አልቅሼ ሲወጣልኝ አጎቴ ከሣጥኑ አንድ ሲዲ አወጣ።

«ሠልስቱን አስቀርጸንልሻል፤» አለኝ። «ቀብሩስ በዕለቱ ሆነ፣ ካሜራ አልደረሰለትም። የሠልስቱን እንኳ ትየው ብለን ነው።»

መንደራችን ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ በእግር የሚኬድ ነው። መብራት የለም፤ ግን ማጫወቻዋን ገበያ ይዟት ወርዶ ቻርጅ አስደርጎ የሚመልስልኝ ሰው አይጠፋም ነበር። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን እናቴና እኔ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሲዲውን ከፈትነው።

ቀራጩ የሠርግ ቀራጭ ነው። ለካ ከሠርግ ማስዋቢያ ሌላ አያውቅም። ሙሾው ሲጀምር ከመስታወቱ ራስጌ ቀያይ ልቦች መዝነብ ጀመሩ። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ቧጥጣ ስትታይ፣ ከጥግ በኩል ጽጌረዳ እየፈነዳ ግንባሯ ላይ ያርፋል። የአልቃሿን ድምፅ በኦርጋን ሸፍኖታል። ከሁሉ ከሁሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ከካሜራው ጀርባ የራሱ የቀራጩ ድምፅ ይሰማል፤ «እማማ፣ ባትሪ ቀይሬያለሁ፤ እንደ ቅድሙ አንዴ ይድገሙልኝ።» እናቴም ደገመችለት። ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው እያነሷት፣ ደረቷን እንደ ቅድሙ መታችለት።

 ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆየሁ። ስመለስ እናቴ እንደተቀመጠች ናት።

«ደግመሽ ክፈችው፤» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይቅርብሽ። ይሄ ደግ ነገር አይደለም።»

«እኔ ምኑን አየሁት? ያኔ ዓይኔ የት ነበረ? ማን እንደመጣልኝ፣ ማን እንደቀረ እንኳ አላውቅም። ክፈችው።»

ከፈትኩላት። መክፈት አልነበረብኝም።

ከዚያ ወዲያ ለእኔ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ተመልካች ሆነ። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይገባል፣ ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ ዓይኑ መደቡን ይፈልጋል።

«ያውና! ያውና እኔ! ዱላዬን እዩልኝ!»

«ይሄ ሰውዬስ? እያለቀሰ ነው ወይስ ሊያስነጥሰው ነው?»

«አንቺ ደግሞ ካሜራው ሲዞር ነው የወደቅሽው። ቅድም ቆመሽ ስታወሪ ነበር።»

«እመቤቴ ትይሽ! እኔ ነኝ የማወራው?»

ይስቃሉ። የአባቴ በቅሎ ተጭና፣ ካባው ተደርቦባት በአደባባዩ ስትዞር ይስቃሉ፤ በቅሎዋ ጆሮዋን ስለቀሰረች። መዝሙር በምመለከትባት መስታወት ላይ ከራስ ቅቤ የመጣ ጣት ታትሞ ያድራል፤ በቀሚሴ እጠርገዋለሁ፤ በማግሥቱ ሌላ ይታተማል። ስጠርገው ደግሞ እጄ ይገማኝ ነበር። እነዚሁ ሰዎች አባቴን በትከሻቸው ተሸክመው የቀበሩ ናቸው። ክፉዎች አይደሉም። ለዚህ ነው ይበልጥ የዘገነነኝ።

በዚህ መካከል ፊልሙን ልይ ብላ ያልመጣች የለችም፣ ከአንዲት ሴት በቀር። እሷም የክርስትና እናቴ ናት። በሰማንያ ቀኔ ታቅፋ ያስጠመቀችኝ እሷ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቴ ጋር አበልጅ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አንዷ ያለ አንዷ ጾም አልፈታችም። በደረስኩ ዕለት ከሁሉ ቀድማ መጥታ አንገቴን አቅፋ አልቅሳ፣ ዳቦ አስቀምጣ ሄዳለች። ፊልሙን እዪ ስትባል ግን፣ «እኔ የሞተ ሰው በመስታወት አላይም» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እኔም በልቤ እንኳን አላየሽው አልኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከታች ቤት የምትኖር ጎረቤታችን፣ ሲዲው ለስንተኛ ጊዜ እየዞረ ሳለ፣

«ሁሉም አለ፤» አለች። «አበልጅሽ ብቻ የለችም።»

«ትኖራለች፤ ካሜራው ስቷት ነው፤» አለች እናቴ።

«ስድስቴ አየነው እኮ! እኔን ስንት ቦታ አወጣኝ? እሷን ብቻ ለይቶ ነው የሚስታት?»

እናቴ ሳቀች። ማታ ግን ሳቋ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ስታይ አታለቅስም፤ ትፈልጋለች። ፊቷን መስታወቱ ላይ ደፍታ ከአንዱ ነጠላ ወደ አንዱ ነጠላ ትሄዳለች።

«የሠልስቱን ዕለት ብቻ ነው የቀረጹት፣ እማዬ፤» እላታለሁ።

«ለሠልስትስ አትመጣም? ከመርጡለ ማርያም ድረስ የመጣ ሰው አለ። እሷ ያለችው አጥር ማዶ ነው።»

«እንግዲያ ጠይቂያት።»

ጠይቂያት ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሜት ከሚሆን ፊት ለፊት ይሻላል፣ ወንጌሉም እንዲህ ይላል ብዬ። በእሑዱ ከቅዳሴ መልስ የክርስትና እናቴ እንደ ልማዷ ጎራ አለች። እናቴ ተቀመጪ እንኳ ሳትላት፣

«አበልጄ፣ የባሌ ሠልስት ዕለት የት ነበርሽ?» አለቻት።

«ምን አልሽኝ?»

«ፊልሙ ላይ የለሽም።»

የክርስትና እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ መደቡ ላይ ወደተቀመጠችው ዕቃ።

«ከጠየቅሽኝማ አልነበርኩም፤» አለችና ወጣች።

ሁለቱም ቆራቢዎች ናቸው። በየዓመቱ ፍልሰታን አብረው ጾመው፣ አብረው ነበር የሚቆርቡት። ተኳርፎ ደግሞ አይቆረብም። ቀኑ እየቀረበ መጣ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በላይኛው መንገድ፣ የክርስትና እናቴ በታችኛው። በደጀ ሰላሙ አንዷ ከግንቡ ወዲህ፣ አንዷ ከግንቡ ወዲያ ይቆማሉ። የንስሐ አባታቸው «ምንድነው ነገሩ?» ቢሉ እናቴ «ለባሌ ሠልስት ሳትመጣ የቀረች ሴት ናት» ብላ መለሰች፤ አሁን ጥርጣሬም አልነበራትም። እሳቸውም «በዓይንሽ አይተሻል?» ሲሏት፣ «አዎን አባቴ፤ አሥር ጊዜ አይቻለሁ» አለች። በሰማሁ ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ፣ እናቴ ወፍጮ ቤት በሄደችበት ማዳመጫውን ሰክቼ ሲዲውን ብቻዬን ከፈትኩ። እየጠላሁት፣ በየጥቂቱ እያቆምኩ አየሁት። ካሜራው ከዳሱ ወደ አልቃሿ ሲዞር ለአፍታ የአጥሩን ጠርዝ ይነካል። አቆምኩት። ከአጥሩ ማዶ ሌማት የሚያቀብል እጅ አለ። አንጓው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፤ የመስቀሉ አንድ ክንፍ ደብዝዟል። ያን ንቅሳት ሕፃን ሆኜ በጣቴ እየተከተልኩ ተጫውቼበታለሁ።

ከዚያ ሌማቱን መከተል ጀመርኩ። ጠርዙ ቀይና ጥቁር አለላ ነው፤ በመንደሩ እንዲያ የምትሰፋ እሷ ብቻ ናት። ዳሱ ውስጥ በየሰዉ ፊት የቀረበው ሁሉ በእሷ ሌማት ነው። ማወቅ ነበረብን እኮ! የሀዘንተኛ ቤት እሳት አይነድበትም። ሦስት ቀን ያን ሁሉ ሰው ማን ያበላው መስሎን ነበር? ከማዶ ሆና እያቀጣጠለች፣ እየጋገረች፣ እያቀበለች፣ ካሜራ ፊት ቆማ የምታለቅስበት ጊዜ አልነበራትም። ራሴን ተጸየፍኩ።

እናቴ ስትመለስ አሳየኋት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ጮኸች።

«እጇ ነው! የአበልጄ እጅ ነው!» መስታወቱን ሳመችው። ደጋግማ ሳመችው። ከዚያ ማጫወቻዋን ዘግታ በነጠላዋ ሥር ወሸቀቻት።

«እማዬ፣ እሱን ተይውና ባዶ እጅሽን ሂጂ።»

«ላሳያት እንጂ። እንዳየኋት ትወቅ።»

ዝናብ እያካፋ ተከትያት ሄድኩ። የክርስትና እናቴ በሯ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እናቴ እግሯ ሥር ተንበርክካ ዕቃዋን ጉልበቷ ላይ ከፈተችላት። እኔም፣ ምን ይዋጠኝ፣ ቦታውን ፈልጌ አቆምኩላቸው። የክርስትና እናቴ እንዝርቷን ሳትለቅ ጎንበስ ብላ አየች።

«የኔ ነው፤» አለች።

«አዎን! አየሁሽ! ይቅር በይኝ አበልጄ፣ አሁን አየሁሽ!»

«የባልሽን ዓይን የከደንኩት በዚህ እጅ ነው። አንቺ ስትወድቂ የያዝኩሽም በዚሁ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳታውቂው ኖረሽ ይቺ ነገረችሽ?»

ማጫወቻዋን በክርኗ ከጉልበቷ ገፋቻት፤ ድመት ሌማት ላይ ስትወጣ እንደሚገፏት።

«ይቅር ብያለሁ፤ ለእግዜር ብዬ ነው። ግን የኔ ዕለት ስትመጪ ካሜራው ባለበት በኩል ቁሚ፤ አለዚያ ልጆቼ አልመጣችም ይሉሻል።»

እናቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ብቻዋን ነበር የሳቀችው። ሳቋ አፏ ላይ ቀረና መስታወቱን ዘጋች።

የንስሐ አባታቸው አስታረቋቸው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ በፍልሰታ መጨረሻ ሁለቱም ቆረቡ። ለሚያይ ሰው የተጎዳ ነገር የለም። እኔ ማጫወቻዋን ይዤ ተመለስኩ፤ ቤይሩት እንደገባሁ አንድ ለምትፈልጋት ሰጠኋት። ሲዲውን ሰባብሬ ጥያለሁ። መዝሙር ከእንግዲህ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ብቻ ነው የምሰማው።

ድሮ ቤት ስደውል፣ ስለ ሌላው ሳልጠይቅ በፊት እናቴ ስለ አበልጇ ታወራልኝ ነበር፤ ምን እንደበላች፣ በማን እንደተናደደች፣ ቅዳሴ ላይ እንዴት እንቅልፍ እንደጣላት። ካርዱ እስኪያልቅ ታወራለች። አሁን የምጠይቀው እኔ ነኝ።

«የክርስትና እናቴስ?»

«ደኅና ናት አሉ፤» ትለኛለች።