ጠዋት ተተክሎ ቀትር ላይ የተነቀለው ድንኳን

ጎሚስታው ጋሽ ሰብስቤ ከመንግሥት ቪላ ተሰጣቸው አሉ። ወሬው ጠዋት ፖስታ ቤቱ ጋ ሲነሳ ቪላው ባለ አንድ ፎቅ ነበር፤ እኛ ካፌ እስኪደርስ ሦስት ፎቅ ሆነ፤ ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ሊፍት ተገጠመለት። በቅጡ ያልሰማውን ነገር በዓይኑ እንዳየ አድርጎ በማውራት አዳማ ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለው ባለባጃጁ ፍሬዘር ደግሞ፣ «ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች መጡ፤ ‹የልጅህን ለቅሶ ተው፣ ድንኳኑን ንቀል› አሉት፤ የቪላውን ቁልፍ ሰጡት፤ ነቀለ» ብሎ ጨረሰው።

እኔ ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም። ባለ ሊፍቱ ጌታ ከካፌው ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላቸው ሥር፣ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጠው ከመቂ ቲማቲም ጭኖ የመጣ አይሱዙ ጎማ ይፈቱ ነበር።

ጋሽ ሰብስቤን የማያውቅ ካለ፣ መንግሥት የሚለውን ባለማመን ከመቂ እስከ ሻሸመኔ የሚደርስባቸው የለም። ቴሌቪዥኑ «እንደምን አመሻችሁ» ካለ፣ እውነት መምሸቱን ለማረጋገጥ ወደ ደጅ ይወጣሉ። ዝናብ ይጥላል ከተባለ ልብሳቸውን አጥበው ያሰጣሉ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ አንድ ልጃቸውን ልዩን ያሳደጉት እዚያው ጥላ ሥር ነው። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ከውኃው ገንዳ አጠገብ ቁጢጥ ትልና፣ የተነፋው የጎማ ላስቲክ ውኃ ውስጥ ሲገባ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ቀድማ አይታ «አባ፣ እዚህ ጋ!» ትል ነበር።

አድጋ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ሄደች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ከፋሲካ ወዲህ ስልኳ ዝም አለ።

አንድ የስልክ ንግግር አፈትልኮ የወጣው ይሄኔ ነው። እዚያ ያለው አምባሳደራችንና አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሥልጣን ሲነጋገሩ አገር በሙሉ በየስልኩ ሰማ። አምባሳደሩ፣ «የአዳማዋ ልጅ፣ ልዩ ሰብስቤ፣ ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች። ለቤተሰብ ይነገር?» ይላል። ባለሥልጣኑ፣ «ሠራተኛ የመላኪያው ስምምነት እስኪፈረም ይቆይ» ይለዋል። ከዚያ ስለ ፊርማው ዕለት የምሳ ግብዣ ያወራሉ። የምሳው ወሬ ከልጅቷ ወሬ ይረዝማል።

እድር ወግ ያውቃል፤ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ደገፋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤት አስከትለው በሩን አንኳኩ። ጋሽ ሰብስቤ ደጃቸው ላይ የቆመውን ሕዝብ ሲያዩ፣ ማንም ምንም ሳይናገር ገባቸው። ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ንፍሮ ተቀቀለ።

ቀትር ላይ ቴሌቪዥኑ መግለጫ አነበበ፦ «ድምፁ በማሽን የተቀነባበረ የሐሰት ፈጠራ ነው። በዚያ አገር ያሉ ዜጎቻችን ሁሉም ደኅና ናቸው።»

ጋሽ ሰብስቤ ከተቀመጡበት ፍራሽ ተነሡ።

«ድንኳኑን ንቀሉ።»

«ተው እንጂ ሰብስቤ» አሉ አቶ ደገፋ። «አንተ ደግሞ ቴሌቪዥን ማመን ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርከው?»

«ከዛሬ ወዲህ፣ ጋሽ ደገፋ። ሰምተዋል አይደል? ሁሉም ደኅና ናቸው ብሏል። ከሁሉም ውስጥ ልጄ አለችበት።»

«እሱስ ዋቃ ያውቃል። እስኪጣራ እንኳ ይቁም…»

«በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን አይቆምም! ሟርት ነው!»

ካስማውን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። የአዳማ ንፋስ ሸራውን ይዞ ዓለም ጤና ከተማ ሊያደርሰው ሲል አራት ሰው ተንጠለጠለበት። ለቀስተኛው ንፍሮውን እንደጨበጠ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይበል «እግዜር ያጽናዎት» ይበል ግራ ገብቶት ተበተነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሰብስቤ ደመወዝ የሌላቸው የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆኑ። ካፌ ውስጥ ያንን ንግግር የከፈተ ሰው ካለ፣ መንገዱን ተሻግረው መጥተው «ዝጋው! ቅንብር ነው!» ብለው ይጮሁበታል።

በሳምንቱ ያው ቴሌቪዥን ሌላ ዜና ይዞ ብቅ አለ። የሁለቱን ሹማምንት የስልክ ንግግር ቀድቶ ያሾለከ ሠራተኛ ተይዟል፤ የመንግሥት ምስጢር በማውጣት ይከሰሳል። ካፌው በሳቅ ፈነዳ።

«እንዴ! ማሽን የፈጠረውን ነው ሰውየው ያሾለከው?» አለ ፍሬዘር ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ማሽኑን አያስሩትም ነበር?»

ጋሽ ሰብስቤ በር ላይ ቆመው ነበር። አልሳቁም። ዜናውን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ወደ ጥላቸው ተመለሱ። አንድ ላስቲክ ነፍተው ውኃው ውስጥ ነከሩ። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል እያዩት ቆዩ፤ ቀዳዳው ላይ ምልክት እንኳ አላደረጉም።

የቪላው ወሬ የተወለደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ለተነቀለ ድንኳን ምክንያት ይፈልጋል፤ ተስፋ የሚባለው ምክንያት ደግሞ ለወሬ አይመችም።

ተሻግሬ ሄድኩ።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ካፌ ውስጥ እኮ ቪላ ሰጥተንዎታል። ሊፍቱ ሳይቀር ገብቷል።»

ፈገግ ይላሉ ብዬ ነበር።

«ውሸት ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ማንም አልመጣም። መነጽር ያደረገም፣ ያላደረገም። ቁልፍ የሰጠኝ የለም፤ ንቀል ያለኝም የለም። የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሰው መጥቶ ቢሆን ኖሮማ፣ እጁን ይዤ የት እንደቀበሯት እጠይቀው ነበር።»